አባባ ያላስጻፈው ደብዳቤ

ባዶ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው በአህያ ጋሪ ላይ ሲጫኑና ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እርስ በርስ ሲጋጩ የሚያወጡት አንድ ድምፅ አለ፤ ዱብ ዱብ የሚል፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ድምፅ። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ እንዲህ ያለ ጋሪ በአጠገቤ አለፈና ብቻዬን ቆሜ መሳቅ ጀመርኩ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ገልመጥ አድርጋኝ ፈቀቅ አለች፤ ላስረዳት ብፈልግም ባጃጅ እስኪመጣ የሚያልቅ ነገር አልነበረም፣ ምክንያቱም ከአባቴ ሱቅ መጀመር ነበረብኝ።

ሱቃችን ጅጅጋ ውስጥ የግመል ወተት ከሚሸጥበት ተራ ፊት ለፊት ነበር። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪና የፕላስቲክ ጫማ እንሸጥ ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ በአንድ መጋረጃ የተለየችው ክፍል ደግሞ ቤታችን ነበረች። አባቴ ሸምሱ ገና በጎረምሳነቱ ከስልጤ አገር ለንግድ መጥቶ እዚያው አግብቶ የቀረ ሰው ነው። ቁርኣኑን አሳምሮ ይቀራል፣ በሶማልኛ ከወተት ሻጮቹ ጋር ተከራክሮ ይረታል፣ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠረም፤ እናቴም እንደዚያው ነበረች። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ሰሚራ ሆንኩ፣ ሹመቱም ትንሽ አኩርቶኝ ነበር።

ወንድሜ ነስሩ በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ፣ የሱቁን የላይኛ መደርደሪያ ያለ መሰላል የሚደርስበት፣ ቀልደኛና ኳስ ወዳድ ልጅ ነበር። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን አባባ ሱቁን አደራ ብሎት ለዝሁር ሶላት መስጊድ ሄደ፣ ነስሩ ደግሞ አንድ ጎል ብቻ አይቶ ለመመለስ ወደ ሜዳው ብቅ አለ። ካርቶን ካገኙ የማይምሩት የጅጅጋ ፍየሎች በዚያች ክፍተት ሱቅ ገብተው የጫማውን ካርቶን ሁሉ በልተው፣ ግራና ቀኝ ጫማውን አደባልቀው በትነው ጠበቁን። አባባ ነስሩን በወተት ሻጮቹ ሁሉ ፊት በጥፊ መታው። ነስሩ አላለቀሰም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ደገሀቡር በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ከደገሀቡር የመጣ ሾፌር ሲያልፍ ባየች ቁጥር መጋረጃውን ገልጣ እየወጣች ስለ ልጇ ትጠይቅ ነበር፣ የሚመጣላት መልስም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ደህና ነው፣ ግን አባባ ራሱ ና ካላለኝ አልመጣም ብሏል።» አባባ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጥቁሮ «እኔ ሂድ አላልኩት፣ ና የምለው ለምንድን ነው?» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለቱም ግትሮች ነበሩ፣ መሀል ላይ የምትቀልጠው እናቴ ነበረች። በእኛ ዘንድ ለአረፋ በዓል የትም የሄደ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ እናቴም ጸጉሬን እየሠራች «ለአረፋ ካልመጣ ከእንግዲህ አይመጣም፣ መቅረቱን ይለምደዋል» ትለኝ ነበር።

አባባ ልጁን አልጠራም አለ እንጂ ደብዳቤ መላኩን አልተወም። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ መልስ በሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ «ጻፊ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፍ ነበር። «ለተከበርከው ልጄ ለነስረዲን ሸምሱ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። ሶላትህን አትተው። ጫት እንዳትቅም። ጭነት ላይ አትተኛ። አባትህ ሸምሱ።» ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ «ለአረፋ ይመጣ እንደሆነ ጠይቀው እንጂ» ስትል እሱ ያልሰማ መስሎ ደብዳቤውን እንዳነብለት ያዝዘኛል፣ ስጨርስ «ጥሩ ነው» ይላል፣ እኔም አጥፌ ለሾፌር እሰጣለሁ። በስድስት ወር ውስጥ አንድም መልስ አልመጣም።

በዚያው ዓመት የአማርኛ መምህራችን ጉሌድ የሚባል ሶማሌ ነበር። አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ እኛ ሳናስብ የምንለውን ቃል እሱ ቆም ብሎ አገላብጦ ነበር የሚያየው። በጣም አጭር ሰው ስለነበረ ሰሌዳው ላይ የሚደርሰው እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ነው፤ ከላይ የሒሳብ መምህሩ የጻፈው ሁሉ ሳይጠፋ ይሰነብት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቶ የላይኛውን ሒሳብ ቀና ብሎ እያየ «ይህ የኔ አገር አይደለም፣ የኔ አገር ከዚህ በታች ነው» ብሎ በጠመኔ ድንበር አሰመረ። እኛም ሳቅን፣ ከዚያ ወዲያ መምህር የሚለው ቀርቶ በሶማልኛ መአሊን እያልን እንጠራው ጀመር።

የመጀመሪያውን ድርሰት «የማልረሳው ቀን» በሚል ርዕስ ጻፍን። መአሊን ጉሌድ ደብተሮቹን ሰብስቦ በሦስተኛው ቀን ከፊታችን ቆመና አንዱን ድርሰት ማንበብ ጀመረ፤ ከጓደኞቼ ጋር ወንዝ ሄድን፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ዓሣዎች አየን፣ ወፎች ዘመሩ፣ ደስ ብሎን ወደ ቤት ተመለስን። ሲጨርስ «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ስምንት ልጆች እጃቸውን አወጡ፣ ከእነሱ አንዷ እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ አምስት ደብተሮች አሳየን፤ ያነበበው ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየወሰደ ነበር፣ ስፌቱንም ማንም አላየውም። «ጅጅጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ዓሣ ያለበት ወንዝ ካለ ደብቃችሁኛል ማለት ነው፣ ምሳዬን እዚያ እበላ ነበር» ሲለን ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም እየሳቅሁ ነበር፣ ወዲያው ግን ለነስሩ የምጽፈው ደብዳቤ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። ያን ደብዳቤ ለየትኛውም አባት ልጅ ብልከው የራሱ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ከዚያ በኋላ ያስተማረን በቅጽል ስም ነው። በጅጅጋ ሶማሌዎች ዘንድ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ትልቁ ብለው በፊቱ ይጠሩታል፣ እሱም አቤት ይላል፣ ቅር የሚለው የለም። መአሊን ጉሌድ «የኔ ስም ጋብ ነው፣ አጭሩ ማለት ነው፣ እናቴም የምትጠራኝ እንዲህ ነው» አለንና ቅጽል ስም ከድርሰት ሁሉ የሚያጥረው ድርሰት መሆኑን ነገረን። ሰውየውን አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሰው ነው የሚያወጣው፤ ውሸት ከሆነ አይጣበቅም፣ ሁለት ነገር ካለበትም አይጣበቅም። አንድ ሕግ ደግሞ ጨመረበት፤ ስለምትስቁበት ሰው ስትጽፉ ያ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚሰማችሁ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ተነሥቶ የሚሄድ ከሆነ ሰርዙት።

ጅላል ገባ፤ ያ ደረቅና ነፋሻማ ወቅት በጅጅጋ አቧራው ጥርስ ውስጥ የሚገባበት፣ ውኃ የሚጠፋበት፣ ሰው ሁሉ ጀሪካን የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ጀሪካኖቹ ያሉት በላይኛው መደርደሪያ ላይ በሲባጎ ተያይዘው ነበር፣ የሚያወርዳቸው ነስሩ ግን የለም። አንድ ቀን አባባ መሰላል አምጥቶ ወጣና ለአንዲት ገዢ አንዱን ጀሪካን ሊያወርድላት ሲስብ የሳበው የሲባጎውን ጫፍ ኖሮ፣ ሠላሳው ጀሪካን በአንድ ጊዜ ዱብ ዱብ እያለ ወረደ፣ መሰላሉም ተንሸራቶ ሄደ። አባባ መደርደሪያውን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩ አየር ላይ ቀረ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፣ ለእርዳታ መሮጥ ሲገባኝ አፌን ይዤ ደረቅሁ። እሱ ግን ክብሩን ሳይለቅ፣ ከላይ ሆኖ፣ በተለመደው ድምፁ ለገዢዋ «እንግዲህ ሁሉም ወርዷል፣ የፈለጉትን ይምረጡ» አላት።

ያወረዱት ወተት ሻጮቹ ናቸው። የሁሉም ታላቅ የነበረችው፣ በሶማልኛ አክስቴ ለማለት ኤዶ ብለን የምንጠራት ኸድራ፣ እግሩን አቅፋ ይዛ ሌሎቹን እየጠራች በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። እስከ ማታ ድረስ የወተት ተራው በሙሉ አባቴን «ጀሪካን» ብሎ መጥራት ጀመረ። እንደ ሶማሌው ልማድ ይህ ፍቅር ነው፣ ከእንግዲህ የእኛ ሰው ነህ ማለት ነው፤ አባባ ግን ያን ያህል ዓመት ከእነሱ ጋር ኖሮ ይህን አንዱን ልማድ አልተቀበለም ነበርና ለሁለት ቀን ለኤዶ ኸድራ ሰላምታ ነፈጋት። ከዚያ ወዲህ መሰላሉን አልነካም። ጀሪካኖቹን ሰው ጠርቶ መልሶ ካሰቀላቸው በኋላ ገዢ ሲመጣ ከታች ያሉትን ይሸጥና የላዩን የሚፈልግ ካለ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ረጅሙ ልጅ ሲመጣ ይወርድልዎታል» ይል ነበር። መጀመሪያ ሲለው ስሰማ አንጀቴን በላው፤ እናቴ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ስለነበረች አልሰማችም፣ እኔም ሆዴ ውስጥ ያዝኩት።

መአሊን ጉሌድ «ቤታችሁ ውስጥ ስለተሳቀበት ነገር ጻፉ» ሲለን ይህንኑ ጻፍኩ፣ አባባ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስል በየመስመሩ እየፈራሁ፣ እየሰረዝኩ። መሰላሉን፣ ሲባጎውን፣ «የፈለጉትን ይምረጡ» ያለውን፣ በመጨረሻም ረጅሙ ልጅ ሲመጣ የሚለውን ጨምሬ ሦስት ገጽ ሞላሁ። መአሊን ደብተሬን በእረፍት ሰዓት ደጅ ላይ ቆሞ አነበበው፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን የመጨረሻውን መስመር ደግሞ አነበበው። «ናያ፣ አንቺ ሰሚራ፣ ይህን የጻፍሽው ለማን ነው?» አለኝ። «ለእርስዎ ነው መአሊን» ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ «ለኔ አይመስለኝም። እኔ ያንን መደርደሪያ አላውቀውም፣ ይህን የጻፍሽው ለሚያውቀው ሰው ነው።» ደብተሩን መልሶልኝ ሄደ።

አረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባባ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ተቀምጦ «ጻፊ» አለኝ። ለተከበርከው ልጄ ብሎ ጀመረ፣ እኔም እስከ ናፍቆት በስተቀር ድረስ እሱ እንዳለው ጻፍኩ። ከዚያ በታች ግን እጄ ሌላ መንገድ ያዘ። ደብዳቤ ሲጻፍ በላኪው አንደበት ነውና የክፍሉን ድርሰት ወደ አባባ አፍ መለስኩት፤ «ልጄ ነስሩ፣ ያ የላይኛው መደርደሪያ ያንተ መሆኑን ተንጠልጥዬ ነው የተረዳሁት» ብዬ ጀመርኩ። እሱ ስለ ሶላትና ስለ ጫት ሲናገር እኔ ጀሪካን አዘንብ ነበር። ወተት ሻጮቹ ያወጡለትን ስም ጻፍኩ፣ «ረጅሙ ልጅ ሲመጣ ይወርዳል እያልኩ ገዢ እመልሳለሁ» ብዬም ጻፍኩ። ና የሚለውን ቃል ግን አልደፈርኩም፣ እሱ የአባባ ብቻ መስሎ ተሰማኝ።

አባባ ተናግሮ ከጨረሰ ቆይቷል፣ እኔ ግን አሁንም እጽፋለሁ። አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየና «ይህን ያህል ተናግሬያለሁ እንዴ?» አለኝ። «ፊደሌን አተለቅሁት አባባ» አልኩት። «በይ አንብቢልኝ» ሲል ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ በቃሌ የማውቀውን የድሮውን ደብዳቤ፣ ሶላቱንም ጫቱንም፣ አንድ ሳላስቀር አነበነብኩለት። «ጥሩ ነው» አለ። ሾፌሩ ደብዳቤውን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ፤ በአባቴ ላይ ዋሽቼ፣ በስሙ ፌዝ ጽፌ፣ በሰው እጅ ልኬ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ያ ከጅላል በኋላ የሚመጣው የጉ ዝናብ ሌላ ዓመት ቢሆን በባዶ እግራችን ወጥተን የምንጨፍርበት ነበር፣ ያን ጊዜ ግን የደገሀቡር መንገድ በጎርፍ ተዘጋ ሲባል ሰማሁና ሁለት ዓይነት ፍርሃት ያዘኝ። ደብዳቤው ካልደረሰ ነስሩ አይመጣም፣ ከደረሰ ደግሞ ነስሩ እንደተቀለደበት ቆጥሮ ጭራሽ ሊቆርጥ ይችላል፣ አባባም ያውቃል። እናቴ ለአረፋ የሚሆነውን ቅቤ እያነጠረች «ለማን እንደምደክም እንጃ» ስትል እመልስላት ነበር፣ ምን እንዳልኳት ግን አሁን አላስታውስም። ክፍል ውስጥ መአሊን ጉሌድ ሲያስቅ ከሳቂዎቹ መሀል አልነበርኩም።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ዱቄቱን ተሸክሜ ስመለስ መአሊን ጉሌድ ለእጅ ባትሪው ድንጋይ ሊገዛ መጥቶ ሱቃችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እጁ ላይ የተዘረጋ ወረቀት አለ፣ አባባም ከፊቱ ቆሞ ያዳምጣል። ያን ጠዋት የነስሩ መልስ መጥቶ፣ እኔ ስላልነበርኩ አባባ መምህሬን እንዲያነብለት ለምኖት ኖሯል። ዱቄቱን እንደተሸከምኩ ደፉ ላይ ቀረሁ። መአሊን አየኝና ድምፁ ትንሽ ተሰናከለ፣ ማንበቡን ግን ቀጠለ።

«አባባ፣ ደብዳቤህን መኪናው ሥር ተኝቼ ሳነብ ሾፌሩ ምን ሆነህ ትጮኻለህ ብሎ መጣ፣ ለእሱም አነበብኩለት። ያንን መሰላል ግድግዳው ላይ አስደግፈው ስልህ አልሰማኸኝም ነበር። አንተ በራስህ ላይ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ሱቁን ለፍየሎች ትቼ መሄዴ ጥፋት ነበር። ና የሚለውን ደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ ባላገኘውም ገብቶኛል። መንገዱ ተከፍቷል ብለውናል፣ ለአረፋ እቤት ነኝ።»

አባባ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። «መምህር፣ ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?» አለ። መአሊን ወረቀቱን አጥፎ፣ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት፣ «አደር ሸምሱ፣ ልጅዎ የመለሰው በእርስዎ ስም ለተጻፈ ደብዳቤ ነው፣ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም» አለና ወደኔ አየ፣ አባባም ዞሮ አየኝ። ምን ይዋጠኝ። ዱቄቱን አውርጄ ጥፊውን ጠበቅሁ። አባባ ግን ዓይኑን ሳይነቅልብኝ ለመምህሩ «የመሰላሉን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ» አለው። መአሊን ደገመለት። የአባባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቴ የሚያለቅስ መስሏት መጋረጃውን ገልጣ ሮጣ ወጣች፣ እሱ ግን መደርደሪያውን ተደግፎ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በሕይወቴ አይቼው እንደማላውቅ ይስቅ ነበር።

ሳቁ ሲበርድለት «ሌላስ ምን ብያለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እዚያው ቆሜ የላክሁትን ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ ነገርኩት፣ ተንጠልጥዬ ነው የተረዳሁት የሚለውን፣ ስሙን፣ ኤዶ ኸድራ እግሩን ማቀፏን። ረጅሙ ልጅ ሲመጣ ይወርዳል እያልኩ ገዢ እመልሳለሁ የሚለው ላይ ስደርስ ፈገግታው ጠፋ፣ በፎጣው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። «እሱን ብያለሁ» አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ዱቄቱ ላይ ተቀመጠችና በለቅሶና በሳቅ መሀል ሆና «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ነስሩ በአረፋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ስለ ጥፊውም ስለ ፍየሎቹም ማንም አላነሣም፤ አባባ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለው፣ እሱም «ደህና ነው» አለ፣ በላን። ሥራውን አልተወም፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ግን በየወሩ እየመጣ ነበር የሚሄደው። ዓርብ ዓርብ አባባ ደፉ ላይ ሲቀመጥ ሰላምታውን ራሱ ይናገርና «የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ይተውልኝ ጀመር፣ እኔ ስጽፍም ምን እንዳለ ለማወቅ ጓጉቶ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ የለም። በቢሮዬ «ጉዳዩ» ብዬ እየጀመርኩ የምጽፋቸውን መአሊን ጉሌድ ቢያገኛቸው ከአምስት መሥሪያ ቤት ቆራርጦ ይሰፋቸው ነበር፣ ስፌቱንም ማንም አያየውም። ነስሩ የራሱ መኪና አለው፣ አባባም አርጅቷል፣ ስልኩን ግን ራሱ ይደውላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ያኔ ና የምትለዋ አንዲት ፊደል ከአፉ ለመውጣት ስድስት ወርና ሦስት ገጽ ሳቅ ፈጅታ፣ እንዲያም ሆኖ አልወጣችም ነበር፤ ዛሬ ነስሩ ሄሎ ብሎ ሳይጨርስ አባባ «ና» ይለዋል።